ከዝርዝሩ አናት

አዋሽ ሰባት ኪሎ ሳለሁ ለጥገና የሚመጣልኝን ኮምፒውተር ከማብራቴ በፊት ሣጥኑን በመዳፌ እዳስስ ነበር። ያኔ ሁላችንም ሣጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ነበር የምንለው። ጎኑ ከጋለ ክዳኑን ፈትቼ በአሮጌ የቀለም ብሩሽ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ማራገቢያው ሳይንገጫገጭ መዞሩን አያለሁ፤ ከማራገቢያው ሥር ያለው ቅባት ደርቆ ከሆነ እቀይራለሁ። ውስጡ ስላለው ፕሮግራም የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የማስበውን ሁሉ ማሰብ የጀመርኩት ከሙቀት ተነስቼ ነውና ከዚያው መጀመሬ ግድ ነው።

ዓመቱ 1998 ዓ.ም. ነበር። ሱቃችን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነበር። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ፕሪንተርና ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ቬንቲሌተር ነበረን። የከባድ መኪና ሾፌሮች ወረቀታቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ይገባሉ፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ደብዳቤ ሊያሳትሙ፤ ወጣቶች በፍላሽ ዘፈን ሊያስጭኑ። ባለ ሱቁን ጋሼ ነበር የምለው። ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ሰው ግን ያውቃል። ደንበኛ ገና በር ላይ ሲቆም ምን ፈልጎ እንደመጣ ይነግረኝ ነበር።

ያኔ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሌላ አላውቅም ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበ ሥርዓት ነው፤ 128 ሜጋ ባይት ራም ካገኘ ሥራውን ይሠራል። አሮጌ ማሽን አለመናቁን ዛሬም አከብርለታለሁ። በአዋሽ «ኮምፒውተር ይችላል» የሚባለው ማውስ የማይነካ ሰው ነበር። እኔም ያንን ስም ለማግኘት ሌሊት ሌሊት እለማመድ ነበር፤ በኦልትና በታብ ከመስኮት መስኮት መዝለል፣ ዊንዶውስንና አርን ይዞ የፕሮግራሙን ስም ጽፎ መክፈት፣ ሬጅኤዲት ውስጥ ገብቶ ሌላው የማይደፍረውን መስመር መለወጥ። አንድ ሕግ ደግሞ ነበረን፤ የጥገና ሰው ሁሉ የሚያውቀው፤ የደንበኛ ሰነድ ሲ በሚባለው የዲስክ ክፍል ላይ አይቀመጥም። ሁሉም ወደ ዲ ይሄዳል። ሲ በየሦስት ወሩ ፎርማት ይደረጋል፣ ዲ ይተርፋል። በኋላ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለምድ የተጠቃሚው ሰነድ ለብቻው በተከፈለ ክፍል ላይ ቢቀመጥ ጥሩ እንደሆነ ሳነብ፣ ይህንንማ እኛ አዋሽ ላይ በችግር ደርሰንበታል ብዬ ደስ አለኝ።

ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ያገኘሁት በፖስታ ነው። ይህ ሥርዓት መጀመሪያ የወጣው በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ ነበር። የመላኪያውን እንኳ አያስከፍልም ነበር። አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የዘመዴን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሞላሁ፤ ይመጣል ብዬ ግን አላመንኩም። ከሳምንታት በኋላ ዘመዴ «ስምህ ያለበት ፖስታ መጥቷል፤ ከውጭ ነው» ብሎ ደወለ። በአውቶቡስ ላከልኝ። በሕይወቴ በስሜ ከውጭ አገር የመጣልኝ የመጀመሪያው ዕቃ ነው። ያንን የካርቶን መያዣ ዛሬም አልጣልኩትም።

ጫንኩት። ተነሳ። ድምፁም ምስሉም ያለ ድራይቨር ሲዲ ሲሠራ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከሁሉ በላይ በአንድ ስክሪን አራት የሥራ ገጽ ነበረው፤ በአንዱ የደንበኛ ደብዳቤ፣ በሁለተኛው ሒሳብ፣ በሦስተኛው ጥገና፣ እያልኩ በጣቶቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እሻገራለሁ። ይህ ነገር ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫን ዊንዶውስ ላይ የመጣው በዊንዶውስ 10፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ማክ ላይም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኔ አዋሽ ላይ፣ በአሮጌ ፔንቲየም፣ ቀድሜ ነበረኝ።

ያም ሆኖ አንድ ሳምንት አልቆየም። ኡቡንቱ በፓተንት ሕግ ምክንያት የኤምፒ3 ማጫወቻውን ከሲዲው ጋር አይሰጥም ነበር፤ ከኢንተርኔት አውርዶ መጨመር ያስፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ወጣቶቹ ፍላሻቸውን ሰክተው ዘፈን ሲጠይቁኝ አይከፍትም። ጋሼ ሁለት ቀን ዝም ብሎ አየኝ፤ በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ ዘፈን የማይከፍት ኮምፒውተር ይዘን የማንን ፍላሽ ልንሞላ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ኤክስፒን መለስኩ፤ ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰዎች ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲከራከሩ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይገኛል ብለው ስለሚነሱ፣ የእነርሱ ሚዛን እኛ ጋ እንደማይሠራ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሲዲው ከመሳቢያ የወጣው በቫይረስ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘልና ፎልደሮችን የሚደብቅ ቫይረስ አዋሽን ወሮት ነበር። ፎልደሩ ይሰወራል፤ በቦታው ስሙን የያዘ፣ መልኩም ፎልደር የሚመስል ፕሮግራም ይቀመጣል፤ ሰውየው ሲጫነው ማሽኑም ይያዛል። አንዲት ጸሐፊ፣ በዕድሜ የገፉ፣ እትዬ የምላቸው፣ የመሥሪያ ቤታቸውን የሦስት ዓመት የደመወዝ ሰነድ የያዘች ፍላሽ ይዘው መጡ። «ባዶ ናት አሉኝ። ሦስት ሰው አየልኝ፤ ሦስቱም ፎርማት ትደረግ አሉ።» እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያ ሲዲ ሳይጫንም ይሠራል። ኮምፒውተሩን ከሲዲው አስነስቼ ፍላሿን ሰካሁ። ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ እዚያ እንደ ማንኛውም ፋይል ተጋድሞ ይታያል፤ መንቀሳቀስ አይችልም። የተደበቁት ፎልደሮች ሁሉ ተደርድረው ወጡ፤ አንድም አልጠፋ። እትዬ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ ወሮቹን ቆጠሩ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ከዚያ ፋይሉን ክፈትልኝ አሉ። ከፈትኩት፤ የወጣው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ጉራማይሌ ነው። እንደገና ደነገጡ።

እዚህ ላይ የአማርኛን ነገር ልናገር፤ ለእኛ ከፍጥነትም ከመልክም በላይ ወሳኙ እርሱ ነበርና። የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዙን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፤ ላዩ ላይ የ«ሀ» ሥዕል ተለብጦበታል። ሥዕሉ ያለበት ፎንት ካልተጫነ ልብሱ ይወልቃል፤ የሚቀረው የማይነበብ ነገር ነው። ፊደላችን ከእነ ዝርያው ከ300 ስለሚበልጥ በ256 ወንበር አይበቃም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አዘጋጅ በራሱ መንገድ አጣጥፎ አስቀመጠው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ዩኒኮድ ለግዕዝ የራሱን ወንበር የሰጠው በ3.0 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያ ውሳኔ ግን እትዬ ቢሮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

መፍትሔውን እግዜር ገለጠልኝ። ከዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ውስጥ የአማርኛውን ፎንት ቀድቼ ወደ ሊኑክሱ ፎልደር ገለበጥኩት፤ ፋይሉን ዘግቼ ስከፍተው አማርኛው ተመለሰ። መጻፍ አይቻልም፤ ማንበብ ግን ይቻላል። እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ «ዕድሜህን ያርዝመው» አሉኝ። ሊኑክስን የወደድኩት ያን ቀን ነው። የተሻለ በመሆኑ አይደለም፤ ሌላው የደበቀውን ስላሳየኝ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ወደ ሰመራ ሄድኩ። ከአዋሽ ገዋኔ፣ ከገዋኔ ሚሌ፣ ከሚሌ ሎጊያ፤ መንገዱ ከወንዙ ጋር እየወረደ ይሄዳል፤ በወረዱ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። የአፋር ክልል መቀመጫውን ከአሳይታ ወደ ሰመራ ካዛወረ ያኔ ብዙም አልቆየም ነበር። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው። ሰመራ ያኔ በጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ ተራርቀው የቆሙ አዳዲስ ሕንፃዎች ነበሩ፤ ለገበያ ወደ ሎጊያ ነው የምንሄደው። እኔ በአንድ ተቋም ሃያ ኮምፒውተር ያለበትን የማሠልጠኛ ክፍል እንድይዝ ተመደብኩ።

የአዋሽ ሙቀት ለካ መለማመጃ ነበር። በሐጋይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መብራት ሲሄድ ኤሲው ይቆማል፤ ዩፒኤሱ ማሽኖቹን ለጥቂት ደቂቃ ይዞ ራሱም ይጮኻል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃው ድርግም ይላል። ተማሪው ግማሽ ሰዓት የጻፈው ይጠፋል። እንደመጣሁ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሞተብኝ።

ሃያውንም ማሽን በሁለት ሥርዓት ከፈልኳቸው፤ ኤክስፒና ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ 8.04። ሲበሩ ይጠይቃሉ፣ ወዴት ልሂድ ብለው። በኡቡንቱው በኩል «ሴንሰርስ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በዲግሪ ይነግራል። ስድስት መስመር የምትሆን ስክሪፕት ጻፍኩ፤ በየደቂቃው ሙቀቱን ታነባለች፤ 80 ካለፈ ስክሪኑ ላይ «ሥራህን አስቀምጥ» ብላ ታስጠነቅቃለች፤ አልበርድ ካለ ማሽኑን በሥርዓት ትዘጋለች። ሃያውም ላይ ጫንኳት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሐጋዮች አንድም ዲስክ አልሞተም። በብዙ ኩራት የምናገረው ሥራዬ ይኸው ነው፤ ስድስት መስመር።

ከጎንደር የመጣ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ የዊንዶውስ ሰው። ማታ ማታ ውጭ ወንበር አውጥተን ነፋስ እየጠበቅን እንከራከራለን። «ለዊንዶውስም ሙቀት የሚለካ ነፃ ፕሮግራም አለ» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ አለ። «ሒሳብ ክፍሉ ኤክሴል ላይ የሠራው ማክሮ ያንተ ኦፕን ኦፊስ ላይ ይሠራል?» አይሠራም፤ ዝም እላለሁ። «አማርኛ በምን ትጽፋለህ?» እዚህ ላይ እናደዳለሁ። ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው፤ የአገሩ ጸሐፊ ሁሉ ጣት የለመደው እነርሱን ነው። ሊኑክስ ላይ በዩኒኮድ መጻፍ ይቻላል፤ ግን የአሥር ዓመት ልማድ ያላትን ጸሐፊ ጣቶችሽን እንደገና አስተምሪ ማለት ቀላል አይደለም። ዊንዶውስ ቪስታም እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። በዚህ ክርክር ብዙ ቀን ያሸነፈው ባልደረባዬ ነው፤ አሁን ሳስበው ማሸነፉም ተገቢ ነበር።

እኔ ያሸነፍኩበት ቀን ግን አንድ አለ። ከአንድ መሥሪያ ቤት 1,200 ያህል የስካን ፋይል መጣ፤ ስማቸው ሁሉ የስካነሩ ተራ ቁጥር ነው። በመዝገብ ቁጥር መሰየም አለባቸው፤ የመዝገቡ ዝርዝር ደግሞ በሌላ ሰንጠረዥ ላይ አለ። ባልደረባዬ ሁለት ሠራተኛ ለአንድ ሳምንት አስመደበ። እኔ ሰንጠረዡን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሬ ተርሚናል ላይ አንዲት የድግግሞሽ ትእዛዝ ጻፍኩ። ሻይ ፈልቶ ሳይቀዳ አለቀ። ባልደረባዬ አንድ በአንድ እየከፈተ ሠላሳ ያህሉን አመሳከረ፤ ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና «አሳየኝ» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ለእውነት የሚረታ።

ማክን የነካሁት በአጥንት ፈላጊዎች ምክንያት ነው። አፋር ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችበት ምድር ስለሆነ ተመራማሪዎች በየዓመቱ ይመጣሉ። አንዱ ማክ ላፕቶፑን ይዞ፣ ደብዳቤ ከፕሪንተራችን ማተም አቅቶት መጣ። ማክ ነክቼ አላውቅም። ግን ማክም ሊኑክስም የሚያትሙት ካፕስ በሚባል አንድ ዓይነት ሥርዓት ነው፤ ጀማሪው ማይክል ስዊት ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 የራሱ አደረገው። በብራውዘሩ ላይ የራሱን የማሽኑን አድራሻና 631ን ጻፍኩ፤ የማውቀው ገጽ እዚያው ብቅ አለ። ባዕድ አገር ሄዶ የአገር ሰው ማግኘት ነው። የማክ ውበቱን አደነቅኩ፤ ላዩ እንደ ሙሽራ ያማረ፣ ውስጡ ዩኒክስ። ዋጋው ግን ለክፍላችን አንድ ማሽን ሳይሆን አምስት ይገዛ ነበር፤ ስለዚህ ከአድናቆት አላለፍኩም።

አሁን ወደ አንድ ዓርብ ልምጣ።

ከተማሪዎቼ አንዱ የሎጊያ ልጅ ነበር፤ አፋር፣ ብዙ የማይናገር፣ ግን አንዴ ያየውን ትእዛዝ የማይረሳ። መምህር ነበር የሚለኝ። የአማርኛ ፋይል ተበላሽቶብኝ ሳጉረመርም አጠገቤ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ፣ «መምህር፣ የእናንተ ፊደል ቆንጆ ነው፤ ግን ጉዞ አይችልም» አለኝ። የአፋርኛ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዲሚስና ሬዶ የተባሉ ሰዎች ያዘጋጁት ነው። ኪው ለ«ዐ»፣ ሲ ለ«ሐ»፣ ኤክስ ደግሞ ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ ለሚወጣው «ደ» ተመደቡ። አዲስ ፎንት አያስፈልግም፤ የትኛውም ማሽን ላይ፣ በየትኛውም ሥርዓት ያው ነው። የልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ሳይቆራረጥ ያልፋል፤ የእኔው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲሻገር ይወድቃል።

ያን ዓርብ ስለ ሎኬል ነበር የማስተምረው፤ ኮምፒውተር የአንድን አገር ቀን፣ ገንዘብና የቀናት ስም የሚያውቅበትን ፋይል። ለጎበዞቹ አንድ ነገር ላሳያቸው ብዬ ኢማክስ የሚባለውን ጽሑፍ መጻፊያ ከፈትኩ፤ የቀን መቁጠሪያው በሁለት ፊደል ትእዛዝ የዛሬውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ይነግራል። የግዕዝ ፊደል መሣሪያውን የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በላቲን ፊደል ለመወከል ሴራ የሚባለውን ሥርዓት ሲያዘጋጁ፣ ጃፓንም ውስጥ ስለ ፊደላችን የሚያስብ ሰው ነበር። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ዝም አለ።

ከዚያ ሥርዓቱ የሚያውቃቸውን ቋንቋዎች ሁሉ የያዘውን ዝርዝር ፋይል ክፈቱ አልኳቸው። መቶ አልፎ የሚሄድ ዝርዝር ነው። አማርኛን ፈልጉ ለማለት ነበር ሐሳቤ። የሎጊያው ልጅ ግን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ዓይኑ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀርቶ ነበር።

«መምህር፣ ኤ ኤ ምንድን ነው?»

የቋንቋ መለያው ነው አልኩ። በዓለም አቀፉ የሁለት ፊደል መለያ አፋርኛ «ኤ ኤ» ነው፤ ከሁሉም ቋንቋ በፊት ይመጣል። መጀመሪያ የጅቡቲው፣ ቀጥሎ የኤርትራው፣ ከዚያ የኢትዮጵያው። እኔ ያንን ዝርዝር ስንት ጊዜ ከፍቼዋለሁ፤ እዚያው አፋር ላይ ተቀምጬ፤ አንድም ቀን ከላይ ማን እንደተቀመጠ አላስተዋልኩም ነበር። ዓይኔ አማርኛን ሲፈልግ ወደ ታች ይወርድ ነበርና። ቪስታ አማርኛን ይዞ መጥቷል፤ አፋርኛን ግን ያገኘነው ሊኑክስ ላይ ነው። የኢትዮጵያውን ፋይል ከፍተን ስናይ አዘጋጁ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ይላል። ለአማርኛ የደከሙ ሰዎች ለአፋርኛም ደክመውለታል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። ካኖኒካል ሲዲ በነፃ መላኩን እ.ኤ.አ. በ2011 አቆመ። የኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮሶፍት ራሱ ሊኑክስን ዊንዶውስ 10 ውስጥ አስገባው፤ እኔና ባልደረባዬ ማታ ማታ የተጣላንበት ነገር በአንድ ማሽን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጠ። ደውሎ ነገረኝ፤ ድምፁ የደስታ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ወደ 11 ማለፍ ያልቻለ አሮጌ ማሽን ሲያመጡልኝ ዛሬም አስቀድሜ ሣጥኑን እዳስሳለሁ።

ያን ዓርብ ልጁ ሁለት ትእዛዝ ጻፈ፤ አንደኛው የአፋርኛውን ሎኬል አነሳ፣ ሁለተኛው ቀኑን ጠየቀ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ ነጭ መስመር ወጣ። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ «ጉምዓታ»። ከኋላ የተቀመጡት የአፋር ልጆች ወንበራቸውን ጥለው መጡና ትከሻው ላይ ተደራርበው አነበቡት፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። በመስኮቱ አዛን ይሰማ ነበር። ልጁ ማሽኑን አልዘጋውም። ተነሳና «መምህር፣ ጉምዓታ ነው፤ ልሂድ» አለኝ፤ ተከታትለው ወጡ። እኔ የእርሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሳምንቱን ቀናት ከፋይሉ ውስጥ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ፤ አሓዳ፣ ኤትሌኒ፣ ታላታ፣ አርባዓ።